ሳሎን የገባው ኮምፒዩተር

ባለፈው ክረምት የቅዳሜ ከሰዓት የወጣቶች መርሐ ግብር አልቆ ወንበር እየደራረብን ሳለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተር አለን። ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ፊልም ማያ ላደርገው ነው፤ ምን ልጫንበት?» አለኝ። የአንድ ፕሮግራም ስም ነግሬው መሄድ እችል ነበር። ነገር ግን እኔም በእሱ ዕድሜ ይኸው ፍቅር ይዞኝ ስለነበር ወንበሩን ትተን ቆመን ብዙ አወራን። ኮምፒዩተር ሳሎን የገባው እንዲሁ በቀላሉ አይደለም። ክስ ቀርቦበታል፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል፣ አንድ ፓስተርም መስክሮለታል። ለእሱ በችኮላ የነገርኩትን እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴሌቪዥን ሲጀመር ተመልካች ከጣቢያው ሰዓት ጋር የታሰረ ነበር። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዘመን የነበረን ጣቢያ አንድ ብቻ ነው። ዜናው ሁለት ሰዓት ላይ ከሆነ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ድራማ ያመለጠው ሰው በማግስቱ ከጎረቤት ይሰማል እንጂ መልሶ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ለአባባ ተስፋዬ ሰዓት ለመድረስ ኳሱን ጥሎ የሮጠ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጣቢያው ብዙ ቢሆንም ችግሩ ያው ነበር፤ እንዲያውም ሁለት የሚወደዱ ፊልሞች በሁለት ጣቢያ በአንድ ሰዓት ሲተላለፉ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ግድ ነበር።

ምስልን በቴፕ የሚቀዳ መሣሪያ አምፔክስ የተባለው ኩባንያ በ1956 አውጥቶ ነበር። ነገር ግን ግዙፍ ነው፣ ዋጋውንም የሚችሉት ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ። ነገሩ ወደ ቤት የገባው ሶኒ በ1975 ቤታማክስ የተባለውን ዴክ ሲያወጣ ነው። የመጀመሪያው ካሴት የሚይዘው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። (በዓመቱ ጄቪሲ ያወጣው ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ያዘ፤ እኛ አገር በየቪዲዮ ቤቱ የነገሠው እሱ ነው።) የሶኒው መሪ አኪዮ ሞሪታ ዕቃውን ሲያስተዋውቁ ደጋግመው የሚያነሡት ሐሳብ «ሰዓት ማዛወር» የሚል ነበር። ጣቢያው በሰዓቱ ያስተላልፋል፣ ሰውዬው በራሱ ሰዓት ያያል፤ ነገሩ ይህ ብቻ ነው።

ጠቡም የተነሣው ከዚሁ ነው። በ1976 ለቤታማክስ የተዘጋጀ አንድ የማስታወቂያ ረቂቅ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ኃላፊ በነበሩት በሲድኒ ሻይንበርግ እጅ ገባ። ረቂቁ ኮሎምቦን ስለምታዩ ኮጃክ ሊያመልጣችሁ አይገባም የሚል ሐሳብ ነበረው። ሁለቱም የመርማሪ ፖሊስ ፊልሞች ሲሆኑ ሁለቱንም የሠራው ዩኒቨርሳል ራሱ ነው። ሻይንበርግ ያዩት የገዛ ፊልሞቻቸው ያለ ፈቃድ የሚቀዱበትን ዕቃ ሲሸጡ ነው። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሳል ከዲዝኒ ጋር ሆኖ ሶኒን ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት አቆመ። ክርክሩ ሰባት ዓመት አለፈው። በ1979 ሶኒ ረታ፤ በ1981 የይግባኙ ፍርድ ቤት ገለበጠበት። በ1982 የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጃክ ቫለንቲ ምክር ቤት ቀርበው ዴኩን ብቻዋን ቤት ውስጥ ላለች ሴት አንድ የታወቀ ገዳይ ከሚሆንባት ጋር አነጻጸሩት። የሚያስቀው ነገር ኋላ ላይ እነዚሁ ኩባንያዎች ከሚሸጥና ከሚከራይ ካሴት ትልቅ ገንዘብ ማግኘታቸው ነው።

ከምስክሮቹ አንዱ ፍሬድ ሮጀርስ ነበር። ሰውየውን እኛ አባባ ተስፋዬን እንደምናውቀው አሜሪካውያን በልጅነታቸው የሚያውቁት ነው። በ1963 የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት ስትሾመው አንድ አጥቢያ እንዲጠብቅ አልላከችውም፤ በቴሌቪዥን በኩል ልጆችንና ቤተሰቦችን እንዲያገለግል ነው የሾመችው። ሰባኪነት ግን በፕሮግራሙ ላይ አይታይበትም ነበር። ሹራቡን ይለብሳል፣ ጫማውን ይቀይራል፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ቁጣ ከልጆች ጋር ቀስ ብሎ ያወራል። የእሱን ፕሮግራም ሰዎች በቤታቸው ቢቀዱበት ሊከስ የሚችለው ወገን እሱ ራሱ ነበር። እሱ ግን ለሶኒ ወገን ቆመ። ጣቢያዎቹ ፕሮግራሙን የሚያሳዩበት ሰዓት ለአንዳንድ ልጆች እንደማይመች፣ ወላጆች ቀድተው ለቤታቸው በሚስማማ ሰዓት ቢያሳዩ ትልቅ ጥቅም እንደሆነ ተናገረ። ሰው በሌሎች ፕሮግራም እንዲመራ እንደማይወድ፣ ተመልካች በራሱ ሕይወት ላይ የመወሰን አቅም እንዲያገኝ እንደሚሻም አከለበት።

ጥር 17 ቀን 1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሰጠ። ሰዎች በነፃ የሚሰራጭ ፕሮግራምን በኋላ ለማየት ቤታቸው ቢቀዱ ሕግ መጣስ አይደለም፣ መቅጃውን የሚሸጠውም አይጠየቅም ተባለ። ውሳኔው አምስት ለአራት ነበር። ዳኛው ጆን ፖል ስቲቨንስ በጻፉት ውስጥ የሮጀርስ ምስክርነት በግርጌ ማስታወሻ ተጠቅሶ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ለመጡት መቅጃዎች ሁሉ፣ ለሳሎን ኮምፒዩተርም ጭምር፣ ደጁን የከፈተው ይህ የአንድ ድምፅ ብልጫ ነው።

ካሴት ግን አድካሚ ነበር። ዴኩን በሰዓት ሞልቶ ማስነሣት ራሱ ሙያ ይጠይቃል፤ ያልተስተካከለ ሰዓት በየዴኩ ላይ ቀን ከሌት ሲያበራ የኖረው ለዚህ ነው። በ1999 ቲቮ የተባለው ዕቃ ሲመጣ ካሴቱ በሃርድ ዲስክ ተተካ። የመጀመሪያው ቲቮ 14 ሰዓት የሚያህል ይይዝ ነበር። የአንድን ተከታታይ ፊልም ስም ከነገርከው በየሳምንቱ ራሱ ፈልጎ ይቀዳል። በቀጥታ የሚተላለፈውን አቁመህ ቡና ጠጥተህ ከቆምክበት መቀጠል ትችላለህ። ከውጭ ሲታይ ዴክ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን ፕሮሰሰር፣ ሃርድ ዲስክና ሊነክስ ያለበት ኮምፒዩተር ነው። ሌላም ነገር ነበረው። በ2004 በአሜሪካ እግር ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ ዕረፍት ላይ አንድ አሳፋሪ ቅጽበት በቀጥታ ተላለፈ። ቲቮም በማግስቱ ደንበኞቹ ከሁሉ በላይ ደጋግመው ያዩት ያንን ቅጽበት እንደሆነ ይፋ አደረገ። ብዙ ሰው ሳጥኑ እሱንም ሲያይ እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ለእናንተ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ለእነሱ ግን ድንጋጤ ነበር።

ታዲያ ኮምፒዩተር ከሆነ ለምን እኛው አንሠራውም ያለ ሰው መምጣቱ አልቀረም። በ2002 አይዛክ ሪቻርድስ የሚባል ፕሮግራም ጸሐፊ የኬብል ድርጅቱ የሰጠው ሳጥን መረረው። ጣቢያ ሲቀይሩበት ይንቀራፈፋል፣ ማስታወቂያ ተጭኖበታል፣ የፕሮግራም ዝርዝሩም የማይረባ ነው። ተቀምጦ የራሱን መጻፍ ጀመረና ሚዝቲቪ አለው። ሚዝ ተረት ማለት ነው፤ ቴሌቪዥኑን፣ ሙዚቃውንና ፎቶውን ሁሉ በአንድ ላይ የሚይዝ ሳጥን ብዙ ሲወራለት የማይታይ ተረት ነበርና። ጽሑፉን በነፃ ለቀቀው፤ ከየአገሩ ሰዎች እየጨመሩበት አደገ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍትም ሚዲያ ሴንተር የተባለውን ዊንዶውስ፣ ሪሞቱ ላይ አረንጓዴ ቁልፍ ያለውን፣ ለገበያ አቀረበ።

አሠራሩን ለወደደው ላስረዳ፤ ያልወደደ ይህን አንቀጽ ይዝለል። ኮምፒዩተሩ ላይ የቴሌቪዥን ካርድ ይሰካል። ካርዱ ከአንቴና ወይም ከኬብል የሚመጣውን ምስል ወደ ፋይል ይለውጠዋል፤ በዚያ ዘመን አንድ ሰዓት ፕሮግራም ሁለት ጊጋባይት ያህል ይወስድ ነበር። ጩኸታሙ ኮምፒዩተር ጓዳ ሆኖ ይቀዳል፤ ሳሎን ያለው ጸጥተኛው ደግሞ በኔትወርክ ከእሱ እየወሰደ ያሳያል። ይህን ያህል የተጨነቁት በከንቱ አይደለም። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ የኮምፒዩተር ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቢያጓራ ምን ደስታ አለው? ጽሑፉም ከሶፋ ላይ፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ በሪሞት ብቻ እንዲነበብና እንዲታዘዝ ፊደሉ መተለቅ ነበረበት። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ማስታወቂያ የሚለይበት ዘዴ ነው። በፕሮግራሙና በማስታወቂያው መካከል ምስሉ ለቅጽበት ይጨልማል፤ ጥግ ላይ ያለው የጣቢያ አርማም በማስታወቂያ ሰዓት ይጠፋል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ምልክቶች እየቆጠረ ከየት እስከ የት መዝለል እንዳለበት ይመዘግባል። አንዳንዴ ይሳሳትና የፊልሙን መጨረሻ ይዘለዋል።

ማስታወቂያ መዝለሉ ደግሞ የማስታወቂያውን ባለቤት ሳያስቆጣ አይቀርም። ሪፕሌይቲቪ የተባለው የቲቮ ተፎካካሪ በ2001 ማስታወቂያን በራሱ የሚዘል ሞዴል ሲያወጣ የቴሌቪዥን ድርጅቶች ከሰሱት፤ ባለቤቱ ኩባንያም በ2003 ከሰረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን አዲስ ደንብ አወጣ። በዲጂታል ስርጭት ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ትገባለች፤ ከሐምሌ 2005 ጀምሮ የሚሸጥ መቀበያ ሁሉ ያቺን ምልክት ካየ ፕሮግራሙ እንደ ልብ እንዳይሰራጭ ለመከላከል እንዲገደድ ነው። በቤት የሚሠራ ኮምፒዩተር በዚህ ደንብ ሊኖር አይችልም ነበር። የቤት ሠሪዎቹ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ካርድ ለመግዛት ተሯሯጡ። ደንቡን ፍርድ ቤት ያቆመው ማን ይመስላችኋል? የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሰሰ፤ በግንቦት 2005 የዋሽንግተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም ብሎ ሻረው። የሳሎን ኮምፒዩተር የዳነው ሁለት ወር ሲቀረው ነው።

እነዚህ ሰዎች ሁለት ዓመት ቆይቶ እንደገና ተፈተኑ። ሚዝቲቪ ምን መቼ እንደሚተላለፍ የሚያውቀው አንድ ድርጅት በነፃ ከሚሰጠው ዝርዝር ነበር። ያ ድርጅት በመስከረም 2007 አገልግሎቱን ዘጋ። መቅጃ ያለ ዝርዝር ዕውር ነው። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ተሰብስበው ትርፍ የሌለው ማኅበር አቋቋሙ፣ ተጠቃሚው ጥቂት ጥቂት አዋጣ፣ ዝርዝሩን ገዙ። እድር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በሌላ በኩል ደግሞ የማይክሮሶፍትን የጌም ማጫወቻ፣ ኤክስቦክስን፣ ሰብረው ፊልም ማያ ያደረጉ ወጣቶች ነበሩ። 733 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 64 ሜጋባይት ሚሞሪ ባለው ዕቃ ላይ የጻፉት ኤክስቢኤምሲ ስለ መቅዳት ብዙም አይጨነቅም፤ ያለህን ፋይል ከእነ ፖስተሩ በሚያምር ሁኔታ ደርድሮ ያሳይሃል። ኋላ ወደ ማንኛውም ኮምፒዩተር ተሻገረ፣ በ2014 ስሙ ኮዲ ተባለ። በ2012 ራስበሪ ፓይ የተባለው የመዳፍ ስፋት ያለው ኮምፒዩተር በ35 ዶላር ሲወጣ ማራገቢያም ጩኸትም የሌለው የሳሎን ኮምፒዩተር ተገኘ።

ነገር ግን ልክ ዕቃው ቀላል ሲሆን ሰዉ ተወው። የኬብል ድርጅቶች ስርጭታቸውን እየቆለፉ መጡ። ኔትፍሊክስ በ2007 ፊልምን በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ ለመቅዳት የሚደክም ቀነሰ። ማይክሮሶፍት በ2015 ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ ሚዲያ ሴንተርን ጨርሶ ጣለው። እንደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ክርክር የለም፣ ማንም አልከለከለም፤ ተመልካቹ በገዛ እጁ መዝገቡን ለባለ ሱቁ መልሶ ሰጠ። ባለ ሱቁም የሚያደርገውን ያውቃል። በ2022 ኤችቢኦ ማክስ ራሱ ያሠራቸውን የልጆች ተከታታይ ፊልሞች ሳይቀር ከመደርደሪያው አወረደ። ሲከፍሉ የኖሩ ቤተሰቦች አንድ ቀን ከፍተው የሚወዱትን አጡት።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ከአንቴና የምንቀዳ አይደለንም። የእኛ ሃርድ ዲስክ የሚሞላው በፍላሽ ነው። ሙዚቃ ቤት ሄደን ጥቂት ብር ከፍለን እናስጭናለን፣ ከጓደኛ እንገለብጣለን። የቤታማክሱ ውሳኔ እንኳን ለእኛ ለአሜሪካዊውም ይህንን አልፈቀደለትም፤ የፈቀደው በነፃ የተሰራጨውን ቀድቶ በኋላ ማየትን ነው። በ2017 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የተሰረቀ ፊልም መፈለጊያ አስቀድሞ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ሳጥኖችን ሕገ ወጥ ሲል፣ የኮዲ ሠሪዎች ራሳቸው ስማቸው ከዚህ ንግድ ጋር መያያዙን ሲቃወሙ ቆይተው ነበር። እኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእናንተ ቴክኒክ ክፍል የመዝሙር ሲዲ ሲቀዳ የሚቆጣ ዘማሪ ሰምታችሁ ይሆናል። ፊልም የሠራው ሰውም እንደዚያው ነው። ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ኮሌጅ እያለሁ የነበረኝ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ውስጥ በገንዘብ የተገዛ ፊልም አንድም አልነበረም።

ስለዚያ ዲስክ አንድ ነገር ልጨምር። ኤክስቢኤምሲ ጭኜበት ከእናቴ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼው ነበር፤ ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን አጠገብ ሽቦው የተንዘለዘለ ኮምፒዩተር ቆሞ ለእንግዳ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። ቅንብሩ ውስጥ የሚቀጥለውን ክፍል በራሱ እንዲያጫውት የሚያዝዝ መምረጫ አለ። እኔው አበራሁት። አንድ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ተከታታይ ፊልም ጀመርኩ። ማንም ጣቢያ አላስገደደኝም፤ ሰዓቱ የራሴ ነው። ስነቃነቅ ወፎች ይጮኻሉ። በማግስቱ ጠዋት የማስተምራቸው የሰንበት ልጆች ፊት ቆሜ የዮሴፍን ወንድሞች ስም ግማሹን ረሳሁ፤ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ሞላችልኝ። ሮጀርስ የተከራከረበት ዴክ ካሴቱ ሲያልቅ ቀጭ ብሎ ይቆም ነበር። የእኔን የሚያቆመው አልነበረም፤ መብራትም እንኳ በዚያች ሌሊት አልጠፋም።

ለተማሪው የመለስኩለት እንግዲህ ይህ ነው። ኮምፒዩተሩ ዕድሜው አሥር ዓመት ቢሆንም ይበቃል። የኤችዲኤምአይ ገመድ ግዛ፣ ሊብርኤሌክ የተባለውን በፍላሽ ጫን፣ ነፃ ነው፤ ኮዲ አብሮ ይመጣል። የቤተሰቡን የሠርግ ቪዲዮ፣ የአያትህን ፎቶ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው በነፃ የለቀቁትን ፊልም ጀምርበት። ቅንብሩ ውስጥ ግባና የሚቀጥለውን በራሱ የሚያጫውተውን አጥፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያገኘኝ አባቱ በየማታው ያንኑ የሠርግ ቪዲዮ አምጣ እያሉ እንዳስቸገሩት ነገረኝ። ሲያልቅ ምስሉ ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ከዚያ አባትየው በሠርጉ ላይ ከታዩት ውስጥ አሁን የት እንዳሉ የማይታወቁትን እያነሡ ያወራሉ።